ጭላቷ በሰልስት ቀን

«እኔ ነኝ ያቃናኋቸው» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ሪሞቱን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ። «ሁሉም ጠመው ነበር። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። የልጄ ዕቃ ሰው ፊት ሲወጣ ጠማማ ነገር እንዲታይበት አልፈልግም።»

ምሥራቅ ሪሞቱን ከአማቷ እጅ ተቀብላ አየችው። ከሁለቱ ዘንጎች ሥርና ጎን ያሉት፣ ጥፍር የሚያካክሉ ተንሸራታች ቁልፎች መሃል ለመሃል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ባሏ ትሪም ነበር የሚላቸው። ስንት ቅዳሜ ሜዳ ውሎ፣ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን እያበረረና እየነካካ ያገኘው ልክ በአንድ የነጠላ ጫፍ ጠፋ።

«ምነው? ሰበርኩት እንዴ?»

«አይ፣ እማዬ። አልሰበሩትም።»

ሌላ ምን ትላቸዋለች? ሴትዮዋ ትናንት፣ ሬሳው ሳይገነዝ፣ የልጃቸውን ዓይን በገዛ እጃቸው ከድነዋል፤ እጅና እግሩንም አቃንተዋል። የቀራቸው ዕቃው ነበርና እሱንም አቃኑለት። በእኚህ እናት ላይ ይቆጣሉ? አይቆጡም። ምሥራቅ ግን ጠዋት ምላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሞላሌ አገር ወንድ ሲሞት ለቅሶው የሚደምቀው ሜዳ ላይ ነው። ፈረስ ያለው ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፤ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው በዘመድ ትከሻ ይዞራል። ሕዝቡም ያንን እያየ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ብሎ ያለቅሳል። ባሏ ትዕዛዙ ግን ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም። የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ያለችው ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቆርጦ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ሞተር ገጥሞ የሠራት አንዲት አውሮፕላን ናት። ጭላት ብሎ ሰይሟታል፤ ክንፏን ዘርግታ ስትዞር ዶሮ ልትነጥቅ የመጣች ስለምትመስል።

«በሰልስቱ ጭላቷ ትወጣለች» አለች ምሥራቅ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ። «ተይዛ አይደለም፤ እየበረረች።»

የወይዘሮ ሸዋረጋ ወንድም አቶ ወሰኔ በርኖሳቸውን ገፍተው ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሐዘን መቀለጃ ነው እንዴ? መጫወቻ ይዘሽ ለቅሶ ሜዳ ልትወጪ?»

«መጫወቻ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«ምንም ትሁን፣ ብትወድቅስ? ከራቤል፣ ከቀየት ድረስ ሰው መጥቷል። አልቅሶ የሚሄደው ሰው ስቆ ይሄዳል። የእህቴን ልጅ ከሞተ በኋላ ደግሞ መሳቂያ ልታደርጊው?»

«አትወድቅም! ትዕዛዙ ይሙት አትወድቅም!»

ንፍሮ የሚዘግን እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ከተጋቡ ጀምሮ የምትምለው በሱ ነው፤ ጨው አነሰ ቢሏትም፣ ዋጋ ተወደደ ቢሏትም፣ ትዕዛዙ ይሙት ነው መልሷ። አፏ ለምዶታል፤ አፍ ደግሞ ሞት ቢነግሩትም ቶሎ አይሰማም። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። አቶ ወሰኔም ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«እሺ» አሉ። «ይሁንልሽ። እግዜር ግን ከጉድ ያውጣን።»

እንዲህ ከማለች በኋላ ነው እንግዲህ ትሪሞቹ ተቃንተው ያገኘቻቸው።

ዛሬውኑ ወጥታ እንዳትሞክር ሰው ምን ይላል? ባሏን ትናንት ቀብራ ዛሬ ሜዳ ላይ አውሮፕላን የምታበር ሴት! ወይ አለማፈር ተብሎ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ይወራባታል። ጓዳ ገብታ ጭላቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና የትኛው ትሪም ምን ያህል አዘንብሎ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም። እሱ ያውቀዋል ብላ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ሰው ሁልጊዜ የሚኖር ይመስል!

የጭላቷ ግራ ክንፍ የታመመ ነው። አንድ ጊዜ ንፋስ ጥሏት ከካብ ጋር ተላትማ ተሰብራለች፤ ትዕዛዙ በሙጫ ቢጠግናትም ክንፉ ትንሽ ተጣሞ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ትሪሞቹ መሃል ላይ ከሆኑ ወደ ግራ ትጎትታለች። መሬት ላይ አስቀምጦ በዓይን ቢያስተካክሏት ዋጋ የለውም፤ ልኳ የሚታወቀው አየር ላይ ብቻ ነው።

በስስ መጋረጃው ማዶ የሁለት ሴቶች ሹክሹክታ ተሰማት።

«ልጅ ቢወልድ ኖሮ በዚያ መጫወቻ ዕድሜውን አይጨርስም ነበር።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች እንጂ! ደሟ ፈላ። ወጥታ ልትናገራቸው ብድግ ካለች በኋላ መልሳ ተቀመጠች። ነገ ያዩታል አለች በልቧ። ባትሪውን አንስታ ቻርጅ ላይ ሰካችው።

ትዕዛዙ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝቶም የጠየቃት ይህንኑ ነበር። ጉበቱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ «ባትሪዋን ቻርጅ ታደርጊላታለሽ?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ነገር አታስብም?» ብላ ተቆጣችው።

«የኔንማ ሐኪሞቹ ያስቡበታል። ጭላቷን ግን ካንቺ በቀር ማን ያስብላታል?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ያመው ነበር፤ ቢሆንም ሳቀ።

ሜዳ ሲወጡ ወርዋሪዋ እሷ ነበረች፣ አብራሪው እሱ። ጭላቷ ከፍ ስትል ግን ሪሞቱን አንገቷ ላይ ያጠልቅላት ነበር። መጀመሪያ ቀን ዘንጉን ጨምድዳ ያዘችው።

«ልቀቂው» አላት።

«ብለቀው ትወድቃለች!»

«አትወድቅም፤ ከፍ ብላለች። ልቀቂውና ወዴት እንደምትሄድ እያት። ይዘሻት ምን እንደሚያማት እንዴት ታውቂያለሽ?»

ለቀቀችው። ጭላቷ ወደ ግራ አዘነበለች። ምሥራቅ ጮኸች፤ እሱ ደግሞ እየሳቀ የታችኛውን ትሪም ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው። «አሁንም ልቀቂ» አላት። አሁንም ወደ ግራ ሄደች፤ ግን ቀስ ብላ። እንዲህ እየለቀቁ፣ እያዩ፣ እየገፉ በመጨረሻ ጭላቷ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ሄደች። ትዕዛዙ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንደ ልጅ ዘለለ። «አየሽ? ትሪም ማለት ይኼ ነው። እኛ ባንኖርም መሄድ ትችላለች።»

በሰልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገብስ የታጨደበት ሜዳ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ንፋሱ ገና አልተነሳም። ትዕዛዙም የሚወደው ይህንን ሰዓት ነበር። አስለቃሿ መሃል ቆማ ታዜማለች፤ ፎቶግራፉን የአክስቱ ልጅ ደረቷ ላይ አድርጋ ትዞራለች። ምሥራቅ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ሪሞቱን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ጭላቷን ታቅፋ ወጣች። ጉርምርምታ ተነሳ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ ሰምታዋለች። አላየችውም፣ ማየትም አልፈለገችም።

አቶ ወሰኔ ፊት ሄዳ ቆመች። «ጋሼ፣ ሁለት እጄም ሪሞቱ ላይ መሆን አለበት። ይወርውሩልኝ።»

«እኔ? እኔን ነው?» ዙሪያቸውን ቃኙ። «ጭራሽ አብረሽ ልታዋርጂኝ ነው?»

«በወጣትነትዎ በጉግስ ዘንግዎን የሚመክት አልነበረም አይደል? እሱ ነው የነገረኝ። ስወረውር ደከም ካልኩ እንደ አጎቴ ወርውሪ እንጂ ይለኝ ነበር።»

ሽማግሌው በርኖሳቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉና ጭላቷን ተቀበሏት።

«ምን ላድርግ?»

«አፍንጫዋን ቀና አድርገው፣ በኃይል። የኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ካልጠነከሩባት አይሸከማትም።»

ሞተሩን አስነሳች። አቶ ወሰኔ ሦስት አራት እርምጃ ሮጠው፣ «እንካ ትዕዛዙ!» ብለው ወረወሯት። ጭላቷ መጀመሪያ ዝቅ አለች፤ የታጨደውን ገብስ አገዳ ልትነካ ስትል ሕዝቡ ዋይ አለ። ከዚያ ሞተሩ ያዛትና ወጣች። ወጣችና፣ ወደ ግራ፣ ወደ ድንኳኑ ዞረች። ምሥራቅ ዘንጉን ወደ ቀኝ ጨምድዳ መለሰቻት። ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረገቻት። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

መልቀቅ አለባት። ካልለቀቀች አታውቅም። ጣቷ ግን እንቢ አላት። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ያንን ሁሉ መሐላ ምላ!

«ልቀቂው እንጂ» አለች ለራሷ ጮክ ብላ፤ ለቀቀችው።

ጭላቷ ወደ ግራ አዘነበለች። የታችኛውን ትሪም ወደ ቀኝ ገፋችና ዘንጉን ይዛ አቃናቻት። እንደገና ለቀቀች፤ አሁንም ግራ፣ ግን ያነሰ። ገፋች። ለቀቀች። አሁን ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ላይ እየተነሳ ፍጥነቷ ሊሞት ሆነ። የጎኑን ትሪም ወደ ፊት ገፋችው። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ግን አልጠረገችውም፣ እጅ አልተረፋትም። ገፋች። ለቀቀች።

ጭላቷ ቀጥ ብላ ሄደች።

ምሥራቅ ሁለት እጇን ከሪሞቱ ላይ አንስታ፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲያይ፣ ወደ ላይ ዘረጋቻቸው። ጭላቷ በለቀስተኛው አናት ላይ፣ በፎቶግራፉ ላይ፣ ማንም ሳይነካት አለፈች። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። አስለቃሿ ትንፋሿን ሰብስባ አወረደችው፦

«ፈረስ የለው ብዬ ሳዝንለት ኖሬ፣
በሰማይ ሲጋልብ አየሁት ዛሬ።»

ያን ጊዜ ነው ሜዳው ያለቀሰው። ከመጋረጃው ማዶ ያንሾካሾኩት ሴቶች ሳይቀሩ ደረታቸውን መቱ። አቶ ወሰኔ በርኖሳቸውን ረስተው፣ «የእህቴ ልጅ! የኔ አንበሳ!» እያሉ ከሥሯ ከሥሯ ይሮጡ ነበር። ስታሳርፋትም ቀድመው ደርሰው ያቀፏት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በሰው ተደግፈው ወደ ምሥራቅ መጡ። ዓይናቸው ሪሞቱ ላይ አረፈ። ቁልፎቹ ጠመዋል፣ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። አሮጊቷ ባሉበት ቆሙ።

«እንዲህ ነበሩ» አሉ። «እንዲህ ነበሩ እኮ! እሱ የተዋቸው እንዲህ ነበር። አፈር በበላሁ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁበት።»

«ተገኙ፣ እማዬ። ተገኙልን።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከቤተ ክርስቲያን የተረፈች ቁራጭ ጧፍ አወጡ። ሰሟን በጣቶቻቸው አሽተው አለሰለሷትና ለሁለት ቆረሷት። አንዷን በታችኛው ቁልፍ ጎን ለጥፈው፣ ከጠመመበት እንዳይነቃነቅ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ሌላዋን ለምሥራቅ ሰጧት። ምሥራቅም የጎኑ ቁልፍ ላይ ለጠፈቻትና ሰሙ እስኪጠነክር ድረስ ጣቷን ሳታነሳ ቆየች።