የአምብሩሽ መንኮራኩር

ኤቴልካ ለአሥራ አራት ዓመት በባሏ ላይ የያዘችው ቂም በሌላ ሴት ወይም በመጠጥ አልነበረም፤ በአንድ ክብ እንጨት ነበር። አምብሩሽ የሚጫወተው ተከሮ መዘውሩን ሲያዞሩት በሆዱ ያለው መንኮራኩር ክሮቹን እየፈተገ የሚያዜም መሣሪያ ነው። ሰውዬው መንኮራኩሩን አባቱ ከተከሉት፣ ፒር ከሚባል የፍራፍሬ ዛፍ፣ ያውም ከአንድ ወጥ ጣውላ ካልቆረጠው ሞቶ ይገኛል። ብርዱ ሲመጣ ጣውላው እርጥበት ይጠጣና በአንድ ጎኑ ያብጣል። ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ ድምፁም አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ልክ የአሳማ እርድ ድግስ ደርሶ ተጫዋች ሲፈለግ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ስስ ጣውላ አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም አጣብቅ። አንዱ ላብጥ ሲል ሌላው ይይዘዋል።»

«እሱ ኮምፐርሳቶ ነው። ለቁም ሳጥን።»

«ቁም ሳጥናችን መቼ ተጣመመ?»

«አባቴ በአንድ ወጥ ነው የሠሩት።»

«እሳቸውም ሲጫወቱ ውሻው ይሸሽ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

ዘንድሮ ጎረቤታቸው ቴርካ ለቅዳሜው እርድ አኮርዲዮን ተጫዋች ልትጠራ መሆኗን አምብሩሽ ሰማ። አልተቆጣም። ተከሮውን በጨርቅ ጠቀለለና «በቃኝ፣ ለሚፈልግ ስጪው» አላት። ኤቴልካ ቁጣውን ትችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችም። ያገባችው እኮ ያን ድምፅ ሰምታ ነው።

በነጋታው ተደብቃ ሦስት ደረቅ ጣውላ አጣብቃ በክብ ቆረጠች። ከአባትየው ፒር ስስ የእንጨት ጥብጣብ አውጥታ፣ በፈላ ውሃ አለስልሳ ዙሪያውን አለበሰችው። ሐሙስ አምብሩሽ ጥርሱን ሊያስነቅል ሴንቴሽ ከተማ ሲሄድ ቴርካን ጠራቻትና አሮጌውን መንኮራኩር አውጥታ አዲሱን ተከሮው ውስጥ ገጠመች። ቴርካ መዘውሩን ታዞራለች፣ እሷ መሮ ይዛ ጠርዙን ታስተካክላለች።

«ባልሽ ይገድልሻል!»

«ጥርሱን ተነቅሎ በምን አፉ? ዝም ብለሽ አዙሪ፤ ያንቺ አኮርዲዮን ነው እዚህ ያደረሰን።»

አምብሩሽ ጉንጩ አብጦ ሲመለስ ተከሮውን ከጨርቁ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ጥፍሩን ከመንኮራኩሩ ጠርዝ አስጠግቶ ቀስ ብሎ አዞረው። በጥፍሩና በጠርዙ መሃል ያለው ክፍተት አልሰፋም፣ አልጠበበም። ደግሞ አዞረው።

«ማን ሠራው?» አለ ሐኪሙ የሰጠውን ጥጥ እንደነከሰ።

«ቁም ሳጥን ሠሪዋ።»

ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ሳይቆራረጥ ወጣ። ቴርካ ሻርፗን እያስተካከለች «እንግዲህ ቅዳሜ በጊዜ ና» ብላ ወጣች።

አምብሩሽ እጁን ሳያቆም ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አሮጌ መንኮራኩር በአገጩ አሳያት። «እሱን አስቀምጪልኝ። በበጋ ይቃናል።»

ኤቴልካ አነሳችው፣ የምድጃውን በር ከፈተችና እሳቱ ውስጥ ከተተችው።