የወሩ መጨረሻ ሐሙስ

ከጤና መድን መሥሪያ ቤት የሰጡኝ ወረቀት ላይ የስድስት አለርጂ ሐኪሞች ስም አለ። የመጀመሪያው ጋ ስደውል ያነሳችው ሴት ልጃቸው ነች። አባቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። «ስማቸውን አውጡልኝ ብዬ ያልለመንኩት ሰው የለም፤ አሁንም ይደወላል» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። የሞተ ሰው ተፈልጎ ስልክ ሲደወል መልስ መስጠት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁለተኛው የውበት ሳሎን ሆኗል። ሦስተኛው አይነሳም። አራተኛውና አምስተኛው የመንግሥት መድን መቀበል ትተዋል። ስድስተኛው ክሊኒክ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጄን ምን እንዳመማት አልጠየቀችኝም።

«በግል ነው በመድን?»

«በመድን።»

«ከአራት ወር በኋላ፣ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ።»

«በግል ቢሆንስ?»

«ነገ ጠዋት ይመችዎታል?» ድምጿ ማር ማር አለ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት ድንገተኛ ክፍል ገብታለች። ምን እንደሚያሳብጣት ስለማናውቅ የምትጎርሰውን ሁሉ እፈራለሁ። አባቷ ቢኖር ኖሮ... ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ትቻለሁ።

«ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ወረፋ ለመጠበቅ ነው?» አለችኝ የባሌ እህት። «በግል ነው ብለሽ ግቢ፤ ከገባሽ በኋላ መድኑን አውጪ።»

«ዋሽቼ ገብቼ በምን አፌ እናገራለሁ?»

«አፍማ የለሽም። ወንድሜም ያገባሽ ለዚሁ ነው።»

አራት ወር ጠበቅን። በግል የሚታከሙት የዓሣ ገንዳ ያለበት ሳሎን ይቀመጣሉ። እኛ በመድን የመጣነው ሰባታችን ከኋላ፣ የመወልወያ ባልዲ ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን አጠገብ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተደረደርን። ነርሷ ብቅ አለች።

«በዚህ ሳምንት የአለርጂ ክኒን የወሰደ?»

ሁላችንም እጅ አወጣን። በየቀኑ ዋጡ ተብለን የታዘዘልን ነው።

«እንግዲያው የቆዳ ምርመራው አይሠራም፤ ክኒኑ ቆዳው ላይ የሚወጣውን እብጠት ይደብቀዋል። ሌላ ቀጠሮ ያዙ።»

«ስትቀጥሩን ለምን አልነገራችሁንም?»

«መጠየቅ ነበረባችሁ።»

አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛ ሹፌር ሳቅ አሉ። «ለእኔ ሦስተኛዬ ነው፣ ልጄ። ባለፈው ክኒኑን ትቼ ብመጣ የጉንፋን ሽሮፕ ጠጥተሃል ብለው መለሱኝ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ማሳከኩ አላስችል ብሎኝ ዋጥኩ። በሚቀጥለው ውኃ ጠጥተሃል ይሉኛል።»

ስንወጣ ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ሴት ወረቀት ስታነብ አየሁ። «ከምርመራው በፊት ለሰባት ቀን አይውሰዱ» ይላል፤ ከሥሩ የክኒኖቹም የሽሮፖቹም ስም ተዘርዝሯል። እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክምር አለ። አፌ መረረኝ። የረሱት ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። የመድን ሕሙማን እንቀበላለን ብለው ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ያቆያሉ፤ ሐሙስ ሲመጣ ሰባት ሰው በአንድ ጥያቄ አሰናብተው በጊዜ ይዘጋሉ።

ከክምሩ ሰባት ቅጠል አነሳሁ።

«እናቴ፣ እሱ ለግል ታካሚዎች ነው» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ።

«አይቻለሁ» አልኳትና ለእያንዳንዳቸው አደልኩ። ከዚያ ሰባታችንም ለአንድ ሐሙስ ተቀጠርን።

ያ ሐሙስ ሁለት ወር ፈጀ። ክኒኑን ባቆመችበት ሳምንት ከልጄ አጠገብ አልራቅኩም። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ «ዛሬም አልዋጥንም አይደል?» ይሉኝ ነበር።

በቀጠሮው ሐሙስ ነርሷ የቀጠሮ መዝገቡን ገልጣ መጣች። «ክኒን የወሰደ?»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ሽሮፕም አልቀመስንም፣ ሲስተር» አሉ ሹፌሩ።

ተመልሳ ገባች። ከበሩ ጀርባ የሐኪሙ ድምፅ «ሁሉም?» ሲል ሰማሁ።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ ፊቷን ሳያይ የልጄን ክንድ ወስዶ የየምግቡን ጠብታ ደረደረበት፤ በየጠብታው ላይ በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር አደረገ። ሩብ ሰዓት ቆየን። ከሁሉም አንዱ ብቻ ቀልቶ አበጠ፦ ሰሊጥ። ያጠነክራታል ብዬ አንዳንድ ጠዋት ዳቦዋ ላይ የምነሰንስላት ሰሊጥ።

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ እኮ አደገኛ ነው። ምነው እስከ ዛሬ ዘገያችሁ?»

«የመድን ነን» አልኩት፣ የልጄን እጅጌ ወደ ታች እየመለስኩ።