ጥድና ሲሊንደር

የልብስ ሰፊዋና የዋርሳዋ ጠብ ደኑ ከመቃጠሉ በፊትም የነደደ ነበር። ዋርሳዋ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በያጅ በመሆኑ ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል፤ ስሙ ለሥራውም ለፀባዩም ይሆናል። ባሏ ሲሞት የአባትየውን ቤት ከመሃል ግድግዳ አቁመው ተካፈሉት፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ የግቢ በር እየገቡ እየወጡ ሰላምታ የላቸውም። ያልተካፈሉት እማማን ብቻ ነበር። እማማ የብረቱ እናት ናቸው፤ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን የሚኖሩት ምራታቸው ዘንድ ነው። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት አንገቱን በመስኮት አስግጎ «እንዴት አደርሽ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «አንተ መዶሻህን እስክታነሳ ድረስ ደህና ነበርኩ» ይሉታል።

በዚያ በጋ ከሰፈሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ደኑ ተያያዘ። መጀመሪያ ጭሱ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነበር። ቀስ በቀስ ግን አመዱ በመስኮት እየገባ ልብስ ሰፊዋ በምትሰፋቸው ነጫጭ የተማሪ ሸሚዞች ላይ ያርፍ ጀመር። በእጇ ስታራግፈው ይባስ ይለቀለቃል። ጠረጴዛዋን ወደ ጓዳ አስጠጋች፣ የተቆረጠውን ጨርቅ በላስቲክ ሸፈነች፤ አመዱ በኮሌታው ስፌት ሥር ሳይቀር ገብቶ አገኘችው።

ከዚያ የእሳት አደጋ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ሰፈሩን ዞረ። «ከቤታችሁ ዙሪያ የሚቀጣጠል ነገር አንሱ! ለመውጣት ተዘጋጁ! ሳይረን ሲነፋ ጨርቄን ማቄን ሳትሉ በታችኛው መንገድ ውጡ!»

ልብስ ሰፊዋ የቤቷን ዙሪያ ቃኘች። ብረቱ የሚበይድበት ዳስ ከእሷ መኝታ ክፍል ጋር የተለጠፈ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደሮቹን ከእማማ አልጋ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። በእሷ በኩል ደግሞ ባሏ የተከላቸው ጥዶች አድገው፣ ደርቀው፣ ቅርንጫፋቸውን በብረቱ ጣሪያ ላይ አንተርሰዋል።

ሄዳ ዳሱ በር ላይ ቆመች። «እነዚህን ሲሊንደሮች ዛሬውኑ አንሳልኝ።»

ብረቱ መከላከያ መነጽሩን እንኳን አላወለቀም። «አንቺ ጥዶችሽን ቁረጪ፤ ያኔ አነሳለሁ።»

«ጥድ አይፈነዳም።»

«ሲሊንደርም በራሱ አይነድም። የሚያነደው ያንቺ ጥድ ነው።»

«ወንድምህ በእጁ የተከለውን ነው ቁረጪ የምትለኝ?»

«ወንድሜ ቢኖርማ አንቺን ሳያስለምን ይቆርጠው ነበር። ሰው ነበራ!»

«ከዚህ ቆርቆሮ ጀርባ የተኙት እናትህ እኮ ናቸው!»

«እናቴን መያዣ አታድርጊብኝ!» አለና ብየዳውን ጫረው። ፍንጣሪው እግሯ ሥር ድረስ ተረጨ። ሆን ብሎ መሆኑን አውቃለች።

ቤቷ አልተመለሰችም። ነጠላዋን እንደተከናነበች ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። የቡድኑ አለቃ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ ሰው፣ ራሱ መጣ። ግቢውን አንዴ ዞሮ አየና ሁለቱንም አቁሞ ፈረደባቸው። «ሲሊንደሩም ዛሬ ይውጣ፣ ጥዱም ዛሬ ይቆረጥ። ቅርንጫፉም ግቢ ውስጥ እንዳያድር። እዚህ እሳት ቢገባ ሰዎቼን ወደዚህ ቦምብ አልልክም፤ ከአሁኑ እወቁት።»

አለቃው ሲወጣ ብረቱ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ነበር። «ለባዳ ከሰሽኝ? በገዛ አባቴ ግቢ?»

«አዎ ከሰስኩህ! በሰው ቋንቋ ስነግርህ ስላልሰማህ!»

የሞተር መጋዙን አምጥቶ ጥዶቹን ይጥላቸው ገባ። የባሏ ዛፎች አንድ በአንድ ሲወድቁ በመስኮት አየች፤ አልወጣችም፣ አላለቀሰችለትም። እሱ ግን ቆርጦ አልበቃውም። ግንዱን ወደ መንገድ ካንከባለለ በኋላ ቅርንጫፉን በሙሉ ጎትቶ ደጃፏ ላይ፣ በሩን እስኪደፍን፣ ከመረላት።

«ያውልሽ፣ የባልሽ ውርስ!» አለና የሥራ ዕቃውን ሁሉ ፒክአፑ ላይ ጭኖ፣ ሲሊንደሮቹን ከታችኛው ከተማ ከሚሠራ ጓደኛው ዘንድ ሊያስቀምጣቸው ነድቶ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ዘልላ ወጥታ ቅርንጫፉን ወደ መንገድ ትጎትት ጀመር። ሙጫው እጇ ላይ ተጣበቀ፣ የደረቀው ቅጠል ክንዷን ጫረው። እየጎተተች ትሰድበዋለች፣ እየሰደበች ትጎትታለች። እማማ ከአልጋቸው ሆነው «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ከጭሱ ስድብሽ ባሰኝ» አሏት። ግማሹን ያህል አውጥታ በሩ መከፈት እንደቻለ ንፋሱ ዞረ። ከኮረብታው ጫፍ የሚጋረፍ ሙቀት ወረደ። ሳይረኑ ተነፋ።

ጎረቤት ሁሉ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሆነ። ያለፉት መኪኖች እስከ ጣሪያቸው ሰውና ፍራሽ ሞልተዋል፤ እጇን ብታነሳም አንዱም አልቆመላትም። መስፊያ መኪናዋን ተሸክማ የግቢው በር ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ተመልሳ እማማን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አድርጋ እየጎተተች አወጣቻቸው።

«ልጅዎ ጥሎን ሄደ» አለቻቸው እያለከለከች።

«ባይሄድ ኖሮ ከነሲሊንደሩ ልትሳፈሪ ነበር?»

አማቷን በአንሶላ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ መስፊያ መኪናዋን ዓይኗ እያየ ጥላ፣ ቁልቁል መራመድ ጀመረች። አሮጊቷ ቀላል ይመስሉ ነበር፤ መንገዱ ሲጀመር ግን በየአሥር እርምጃው እየቆመች አንሶላውን ታጠብቅ ጀመር። ጭሱ ፊት ለፊቷ ያለውን አጥር ሸፈነው።

በዚህ መሃል ከታች አንድ ክላክስ እየጮኸ መጣ። የብረቱ ፒክአፕ ነበር። ሲሊንደሮቹን አራግፎ ሲመለስ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው ቢከለክሉት የዘጉበትን እንጨት ሰብሮ ነው የወጣው፤ ስብርባሪው አሁንም በመኪናው ግንባር ላይ ተንጠልጥሏል። ወርዶ ጮኸባት። «የት ነው የምትወስጃት?»

«አንተ ወደሌለህበት!»

እናቱን ከጀርባዋ ነጥቆ የፊት ወንበሩ ላይ አስተኛቸው። እሷ በዚያች ቅጽበት ወደ ግቢው በር ሮጣ መስፊያ መኪናዋን አምጥታ ከኋላ ጫነች። ብረቱ አንስቶ መንገድ ላይ ወረወረው።

«ለብረት ጊዜ የለም! ከኋላ ውጪ!»

«ያንተስ ምንድነው?» አለችና የብየዳ ማሽኑንና የመሣሪያ ሣጥኑን እየገፋች ከጭነቱ ላይ አወረደችለት። ሣጥኑ ተከፍቶ መፍቻው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ለአፍታ ተፋጠጡ፤ የደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገታትሯል፣ እሷ ከተበተነው ያነሳችውን ፒንሳ አልጣለችም።

እማማ ከውስጥ ጮኹ። «እኔንም ወርውሩኝና ተገላገሉ!»

ብረቱ መሪውን ያዘ። እሷ ከኋላ በደረቷ ተኛች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አጥሩ ይነድ ነበር፤ ፍም እየዘነበ ጀርባዋ ላይ ያርፋል፣ እሷም በነጠላዋ ትመታዋለች፣ ነጠላው ራሱ ሲይዝ ወረወረችው። በቡጢ የመኪናውን ጣሪያ እየደበደበች «ንዳ! ንዳ!» ትላለች፤ እሱም ከውስጥ «እየነዳሁ ነው፣ አንቺ!» ይላል። ፖሊሶቹ መንገዱን ከዘጉበት ሲደርሱ እንጨቱን የሰበረበት ፖሊስ ሊይዘው ተጠጋ፤ አሮጊቷንና ከኋላ ፀጉሯ የተለበለበውን ሴት ሲያይ ግን በእጁ እለፍ አለው።

የተጠለሉት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። እማማን ከአንድ ክፍል መሃል አስተኟቸው፤ ሁለቱ ግን አንዱ ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ አንዱ በሩ ጋ አነጠፉ። ብረቱ ለእናቱ ውኃ ሲያመጣ በእሷ በኩል ላለማለፍ ዞሮ ይሄድ ነበር።

እንዲመለሱ ሲፈቀድ ሦስቱም በፒክአፑ ሄዱ። የብረቱ ግማሽ ግድግዳው ጠቁሮ ቆሟል። የእሷ ግማሽ ግን የለም። ጣሪያው ተቆራምዶ መሬት ተኝቷል፤ ከመንገድ ላይ የቀረው መስፊያ መኪና የተጣመመ ብረት ሆኗል። የቡድኑ አለቃ ቀድሟቸው ደርሶ ደጃፉ ላይ ያለውን አመድ በጫማው ይቆፍር ነበር።

«እዚህ የተከመረው ምንድነው? እሳቱ የገባው በዚህ ነው።»

አለቃው ጥላሸት የለበሰውን የጥድ ቅርንጫፍ ጫፍ አንስቶ ብረቱን አየው፤ ከዚያ ጥሎት ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ዋርሳዋን ጠበቀችው። አንድ ቃል ይላል ብላ ነው።

«ሁሉንም ለምን አላወጣሽውም?» አለ።

ሳቀች። እማማ ከመኪናው ውስጥ ሆነው ያን ሳቅ ሲሰሙ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ብረቱም የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው መሰለኝ፣ በአንዱ የጥድ ጉቶ ላይ ተቀመጠና መነሳት አቃተው።

ቆይቶ «እናቴን እኔ ጋ አስገቢያት» አለ። «አንቺም…»

«እኔም ምን?»

«ግቢ።»

«ባንተ ጣሪያ ሥር? ሞቼ ነው!»

እማማን ጠየቋቸው። «እዚህ ማን ሊያጥበኝ?» አሉ ልጃቸውን ሳያዩት። «አንተ የምታውቀው ዝገት ማጽዳት ነው።» ከምራታቸው ጋር ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ታችኛው ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየች፣ የሌላ ልብስ ሰፊ መስፊያ መኪና በተራ እየተዋሰች ሸሚዝ ትሰፋ ጀመር። ብረቱ እናቱን ለማየት ይመጣል፤ እሷ በር ከፍታለት ወደ ውጭ ትወጣለች።

ዝናብ ሲቃረብ የተቃጠለ ቤቷን ለማጽዳት አካፋ ይዛ ሄደች። ብረቱን ከእሷ በኩል፣ ከወደቀው ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ረጅም ቆርቆሮ ጋር ሲታገል አገኘችው። የጠራረገው ቦታ ሰፊ ነበር፤ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

«ማን ግባ አለህ?»

«ማንም።»

«ተው ብዬሃለሁ!»

አልተወም። ቆርቆሮው ከዕቃ ፍርስራሽ ጋር ተያይዞ አልወጣ አለው፤ ጠርዙ መዳፉን ከፍቶት ደሙ ይንጠባጠብ ነበር። አካፋዋን ጣለችና ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«የራሴ ቆርቆሮ ነው» አለችው። «ላንተ ብዬ አይደለም።»

«ማን ለኔ ነው አለሽ? አንሺ!»

«ወደ እኔ አትግፋው!»

«አንቺ ሳቢው እንግዲህ!»

እየተጨቃጨቁ እስከ መንገዱ ድረስ ተሸክመውት ወጡ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ተመለሱ።