ቁጥር ዘጠኝ በማን ስም ይግባ?

እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፤ በተወለድክበት ቀዬ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ በሮጥክበት ሜዳ ላይ፣ «ለዛሬ ብቻ ስምህን አውልቀህ ግባ» ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? «ምን ቸገረኝ፣ ስም ልብስ ነው» የምትል ከሆነ ይህን ታሪክ እዚሁ ተወው። ላንተ አልተጻፈም።

«እንዲህ ያለ ነገር የት ይደረጋል?» ካልክ ግን ልንገርህ። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ካለው መስክ ላይ፣ በገና ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ ተደረገ። ያደረጉትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉን ሰው ከሩቅ ያውቁታል። እነዚህ «ባህላችንን እናስከብር» ብለው ድንኳን የተከሉ፣ ወንበር የደረደሩ፣ ለእንግዳ የሚሰግዱ ሰዎች ነበሩ።

ቸኮል የወይራ አምባ ቡድን አምበል ነው። ወይራ አምባ ትንሽ መንደር ናት፤ የገና ጨዋታ ሲነሳ ማንም ስሟን አይጠራም። ታላላቆቹ መንደሮች የራሳቸው ውድድር አላቸው። ይሄኛው የትናንሾቹ ነው፤ ሩራቸውን፣ ማለት ኳሳቸውን፣ ከአሮጌ ቆዳ የሚሰፉ፣ ዱላቸውን ከጓሮ ቆርጠው በእሳት እያሞቁ የሚያጎብጡ፣ በኮንጎ ጫማ የሚሮጡ ገበሬዎች ውድድር። ወይራ አምባ በዚህ እንኳ ለፍጻሜ ደርሳ አታውቅም። ዘንድሮ ደረሰች። ያደረሳትም አሕመድኑር ነው።

አሕመድኑር ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲሮጥ ክርኑን እንደ ዶሮ ክንፍ ያወጣል። ለማያውቀው ያስቃል። ሩር ዱላው ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ይቆማል። ለፍጻሜ ያበቃቻቸውን ግብ ከሜዳው እኩሌታ ላይ ሆኖ ሲመታት፣ ቸኮል ራሱ ሩሯ ከመስመሩ ማዶ ካለው የጤፍ ክምር ውስጥ እስክትቀበር ድረስ የት እንደሄደች አላየም።

በወይራ አምባ የመንደሩ ልጆች እርስ በርስ ሲጫወቱ ቡድን የሚለየው በጅረት ነው። ከጅረቱ ወዲህ የሚኖር ወዲህ፣ ከጅረቱ ወዲያ የሚኖር ወዲያ። በሠርግ ቀን የሙስሊሙ ከብት ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያኑም ለብቻ፤ ሁሉም የየራሱን በልቶ አብሮ ይጨፍራል። ለሜዳው ግን እንዲህ ያለ መለያ ኖሮ አያውቅም። የአሕመድኑር አባት በገና ቀን ሩር ሲመታ ነው ያረጀው። የቸኮል አባት ጥርስም በዚያ ሰውዬ ዱላ ነው የወለቀው፤ ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ ይህን እያነሱ ሲስቁ ኖረዋል።

በዚያ ቀን፣ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ፣ በልቶ ጠጥቶ ወደ ሜዳው ሲጎርፍ፣ የውድድሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ብዙነህ ቸኮልን ከድንኳኑ ጀርባ ጠሩት። አቶ ብዙነህ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ተምረው፣ ከተማ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የተመለሱ።

«ቸኮል፣ የኔ ልጅ፣ አንድ ትንሽ ነገር ናት» አሉት፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው። «ዛሬ የቴሌቪዥን ሰዎች አሉ። እንግዶች አሉ። እኔ ደግሞ የጠራኋቸው ‹የክርስቲያኑ ሕዝብ ጥንታዊ ቅርስ፣ ንጹሑ ባህል› ብዬ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

«እና ቁጥር ዘጠኛችሁ...»

«አሕመድኑር።»

«እሱ። ይጫወት! አይጫወት ያለው ማን ነው? እኔም ልጅ ሆኜ ከነሱ ጋር ነው ያደግሁት። ስሙ ብቻ... በድምፅ ማጉያው ላይ ‹ወንድዬ› ተብሎ ይጠራ። ለዛሬ ብቻ። ማን ይጎዳል?»

ቸኮል መሬት መሬት አየ። «ባይሆንስ?»

«ባይሆን እሱን ትተህ ትገባለህ። ውድድሩ ደንብ አለው፤ ደንቡን የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።» ሳቅ አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ዋንጫውን አስብ፣ ቸኮል። ዋንጫውን!»

ቸኮል አሰበው። ያለ አሕመድኑር ወይራ አምባ የፍጻሜ ተጋጣሚዋን፣ የድንጋይ በርን መንደር፣ አታሸንፍም፤ ይህን ፍየሎቹም ያውቃሉ። «ስም ምን አለው?» አለ በልቡ። «እሺ» አለ በአፉ።

አሕመድኑር ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የዱላውን እጀታ በጨርቅ ይጠቀልላል። ኮሚቴው ያደለውን ነጭ እጀ ጠባብ ለብሷል፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። ቸኮል ጎኑ ተቀምጦ ነገሩን እያድበሰበሰ ነገረው። አሕመድኑር መጀመሪያ ሳቀ።

«ወንድዬ? ወላሂ፣ ካልቀረ ለምን ዲያቆን ወንድዬ አላላችሁኝም? ቅዳሴ ገብቼ ከበሮም እመታላችሁ ነበር።»

«አትቀልድ፣ አቦ። ለአንድ ጨዋታ ነው።»

«የምሬን ነው። ሩሯን መስመር ባሻግራት ሰዉ ማን ብሎ ነው የሚጮኸው?» አሕመድኑር ጨርቁን ማሰሩን ተወ። «አንተ ምን አልካቸው?»

«እሺ አልኩ።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ዋንጫውን አስቤ...»

«አብሽር፣ ቸኮል» አለው አሕመድኑር፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከመቀመጫው እየተነሳ። «ወንድዬን ፈልጉትና አስገቡት። ጥሩ ተጫዋች ከሆነ አብረን እናያለን።» ነጩን እጀ ጠባብ በራሱ ላይ አውልቆ ድንጋዩ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው፤ ከውስጥ በለበሳት አሮጌ ሹራብ ከሰዉ መሐል ገብቶ ቆመ።

ይህን ሁሉ የቸኮል ታላቅ እህት ሄለን ሰምታለች። ለተጫዋቾቹ ውሃ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ጀሪካኑን መሬት ላይ ዘጭ አደረገችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ብለህ ነው እሺ ያልከው?»

«እትዬ፣ ባክሽ አንቺ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን? እኔ ጂዳ ስንት ዓመት ማን ነበርኩ?»

መልሱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሄለን ዐረብ አገር ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷን ያወጣላት «አሚራ» በሚል ስም ነው። ከዚህ አካባቢ የሄዱ ስንት የክርስቲያን ልጆች እንዲሁ አድርገዋል። ሰባት ዓመት አሚራ ሆና ልብስ አጠበች፣ አሚራ ሆና የሰው ልጅ አሳደገች፣ አሚራ ሆና ታመመች። አሁን ቤታቸው ላይ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ አሚራ የሠራችው ነው።

«ስሙ ጥሩ ስም ነው» አለች ሄለን። «አሚራ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ እንደ ወርቅ። ግን የኔ አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት በሕልሜ እናታችን አሚራ ብላ ጠራችኝ። የገዛ እናቴ! ተነስቼ ስሜን ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ እንዳይጠፋብኝ። እኔስ በሰው አገር ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ሄጄ በገዛ እጄ ነው የገባሁበት። እሱ ምን አደረገ? አባቱ በተቀበረበት አገር ነው ስምህን ደብቅ የምትለው?»

«እኔ መቼ አልኩ? ጋሽ ብዙነህ ናቸው።»

«እሳቸውማ አሉ። እሺ ያልከው ግን አንተ ነህ!»

ቸኮል ይህቺን ቃል እንደ ዱላ ነው የቀመሳት። በሜዳ ብዙ ዱላ ቀምሷል፤ እንዲህ ያለ ግን አያስታውስም። ጀሪካኑን አንስቶ ሊጠጣ ሲል ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

አቶ ብዙነህ ስም እየጠሩ ነው። የድንጋይ በር ልጆች አንድ በአንድ ገቡ፤ አምበላቸው ምንይችል ዱላውን በአናቱ ላይ እያሽከረከረ። ከዚያ የወይራ አምባ ልጆች ተጠሩ፤ አምበሉ ቸኮል መጨረሻ ነው የሚጠራው። ስምንተኛው ገባ።

«ቁጥር ዘጠኝ፣ ወንድዬ!»

የገባ ሰው የለም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ቁጥር ዘጠኝ፣ ወንድዬ፣ ወደ ሜዳ!»

«ወንድዬ ማነው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የቄሱ በግ ጠባቂ ወንድዬ ይሆን? እሱ እኮ አንካሳ ነው!» አለ ሌላው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። የሰዉ ዓይን ወደ አሕመድኑር ሲዞር ግን ሳቁ እየቀጠነ ሄደ። ሰው ነገሩ እየገባው ነበር።

ቸኮል ጀሪካኑን አስቀምጦ ወደ ሜዳው መሐል ሄደ። የገዛ ነጭ እጀ ጠባቡን አውልቆ ከሩሯ ጎን ጣለው። ከዚያ በመንደሩ ባህል አምበል ተጋጣሚውን ለመስደብ እንደሚቆመው ቆመ፤ ፊቱን ግን ወደ ድንጋይ በር አላዞረም። ወደ ድንኳኑ አዞረ።

«ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ከድንኳን የቆመው፣
የሰው ልጅ ስም ሰርቆ፣ ለማን ሊሸልመው?»

ሜዳው ፈነዳ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ብዙነህ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ምን እንደተባለ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፤ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ከድንኳኑ ወደ ሜዳው ዞረ።

«ይሄ ብልግና ነው!» አሉ አቶ ብዙነህ በድምፅ ማጉያው። «ሥነ ሥርዓት ይከበር! ወይራ አምባ ካልገባች ዋንጫው በፎርፌ ለድንጋይ በር ይሰጣል!»

ምንይችል ይህን ሲሰማ ዱላውን ማሽከርከሩን ተወ። ምንይችል ለወይራ አምባ ሰው ፍቅር የለውም። ባለፈው ዓመት በወዳጅነት ግጥሚያ አሕመድኑር ቅልጥሙን መትቶት ሁለት ገበያ እያነከሰ ነው የሄደ፤ ዓመቱን ሙሉ ይህቺን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። እየተቆጣ ወደ ቸኮል መጣ።

«እናንተ ወይራ አምባዎች...» አለና በግጥም ጀመረው፣

«ወይራ አምባ ከሩቁ፣ ዱላ ይነቀንቃል፣
ሩር ሲመጣ ጊዜ፣ ጓሮ ይደበቃል!»

«ይሁን፤ ተራህ ነው» አለ ቸኮል።

«ተራዬ ነው እንጂ!» ምንይችል ወደ ድንኳኑ ዞረ። «ጋሽ ብዙነህ! ፎርፌዎን ለራስዎ ይያዙት! ያለ አሕመድኑር ብናሸንፋቸው እነዚህ ሰዎች እስከ ልጅ ልጃቸው ‹ብቻችንን አግኝታችሁን ነው› እያሉ ያላግጡብናል። እኔ ወንድዬ የሚባል ሰው አላውቅም። ቅልጥሜን የሰበረው አሕመድኑር ነው፤ የምሰብረውም የአሕመድኑርን ነው!»

«ና፣ ሞክራ!» አለ አሕመድኑር ከሰዉ መሐል። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

«ጨዋታው ተሰርዟል!» አሉ አቶ ብዙነህ። ድምፅ ማጉያውን ዘግተው ከድንኳኑ ሊወጡ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ቸኮል ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ቁጣ የያዘው። እስከዚያ አፍሮ ነበር የሚናገረው። ሰውየው ሲሄዱ ሲያይ ግን ኀፍረቱ ጥሎት ጠፋ። በዚህ አገር በገና ሜዳ የተሰደበ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይስቃል፣ ወይ በዚያው ቆሞ ይመልሳል። ጌታውም ድኻውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ተቆጥቶ የሄደ፣ ሄዶም የከሰሰ፣ በአገሩ ሰው አይባልም።

«ጋሽ ብዙነህ!» ብሎ ጮኸ ቸኮል። «ባህል አስከብራለሁ ካሉ ባህሉ ይሄ ነው! ተሰድበዋል፤ አይሄዱም!»

«አይሄዱም!» አለ ምንይችል።

«አይሄዱም!» አለ ሰዉ። ሽማግሌዎቹ በድንኳኑ አፍ ላይ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። ማንም አልነካቸውም፤ ማንም ግን መንገድ አልለቀቀላቸውም። አቶ ብዙነህ ቆሙ።

«አሕመድኑር!» አለ ቸኮል ዘወር ብሎ። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅህ። በሰው ፊት ነው የምነግርህ፤ አጥፍቻለሁ። ከገባህ በስምህ ነው። ካልገባህም ማናችንም አንገባም።»

አሕመድኑር ከሰዉ መሐል ወጣ። በአሮጌ ሹራቡ፣ ክርኑን አውጥቶ፣ እየተንጎማለለ መጥቶ ከሩሯ አጠገብ ቆመ። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው እንጂ ለመጫወት አልተዘጋጀም። ከወዲያ ምንይችልና ልጆቹ ዱላቸውን እንደ እሱ ተከሉ። ሁለቱም ቡድኖች ድንኳኑን ማየት ጀመሩ።

ሄለን ከዳር ሆና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፤ «ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱት፣ ጋሼ!»

አቶ ብዙነህ ድምፅ ማጉያውን በእጃቸው ይዘው፣ እንግዶቻቸውን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ጣታቸው ማብሪያው ላይ ነው።

«ማንም አይቸኩልብዎትም» አለ ቸኮል። «ፀሐይ እስክትጠልቅ እንቆማለን። ነገም ይሁን፣ እንቆማለን። የዚህን ሰው ስም መስማት ማንን ነው የሚያሳፍረው? እንግዶችዎን ነው? የቴሌቪዥኑን ሰዎች ነው? ወይስ እርስዎን? ሹክ እንዳይሉኝ፤ ከድንኳን ጀርባም እንዳይጠሩኝ። ያንን ነገር ከፍተው፣ እዚሁ፣ ሕዝቡ በሙሉ እየሰማ ይመልሱ!»