ንፍፊቱን ተከትዬ

ዘንድሮ አዲስ ደንብ ወጣብን። ከበሽተኛ ናሙና ሲወሰድ፣ በሽተኛውን የያዘው ተማሪ ራሱ ምድር ቤት ወዳለው ፓቶሎጂ ክፍል ያወርደዋል፤ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ውጤቱንም ተመልሶ ይናገራል። ሐኪም ልሆን እንጂ ተላላኪ ልሆን አልመጣሁም ብዬ ሳጉረመርም ሰነበትኩ።

የደረሱኝ በሽተኛ የእናቴ እኩያ የሆኑ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንገታቸው ላይ የወጣው ንፍፊት ካንሰር ይሁን ቲቢ አልታወቀም። ቀዶ ሐኪሙ አውጥቶ ሲሰጠኝ፣ ቀልጠፍ ብዬ፣ እንዳይበሰብስ ሙሉውን ፎርማሊን ውስጥ ዘፈቅኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ ፓቶሎጂስቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ሮዝ ነገር።»

«ሮዝነቱማ ለእኔም ይታየኛል። ቅርጹን ንገረኝ።»

ደጋግሜ አየሁ። መሃሉ ፈራርሷል፤ ዙሪያውን ሴሎቹ እሳት እንደሚሞቁ ሰዎች ከበው ቆመዋል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ትናንት ያዋሩኝ ሴትዮ አንገት ውስጥ ይሄ ሁሉ ነበር?

«ቲቢ ነው የሚመስለው» አሉ። «ወንድማቸው ቲቢ ይዞት የተለመደው መድኃኒት አልሠራለትም ብለህ ጽፈሃል። ስለዚህ ጀርሙን አሳድገን የሚገድለውን መድኃኒት መለየት አለብን። ፎርማሊን ያልነካው ግማሽ የታለ?»

«ሁሉንም ዘፍቄዋለሁ» አልኩ። ፎርማሊን ጀርሙን እንደሚገድለው ለፈተና እንደ ውሃ ጠጥቼው ነበር።

«እንግዲህ እንደገና ሊቆረጡ ነው። ሂድና ንገራቸው።»

ደረጃውን እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ካንሰር አለመሆኑን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈጣሪን አመሰገኑ። ቀጥዬ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። እርግማን ስጠብቅ፣

«አየኸው?» አሉኝ። «ምን ይመስላል?»

ሮዙንም፣ ከበው የቆሙትንም ነገርኳቸው። አፋቸውን ከፍተው አዳመጡኝና ክንዳቸውን አነሱ።

«እዚህ ብብቴ ሥርም አለኮ። ከዚህ ብትወስዱስ?»

ዳሰስኩት። ያለ ቢላ፣ ፈሳሹ በመርፌ ብቻ ሊቀዳ የሚችል ለስላሳ እብጠት ነው። ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? የመጣው ሁሉ አንገቴን አይቶ ይሄዳል።»

መዝገባቸውን ገለጥኩ። «ሌላ ቦታ ንፍፊት የለም» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።