የእኅተማርያም የጤና ወረቀት

ታናሽ ወንድሜ ኃይለየሱስ ጎባ ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ አልተፈጠረም። ልጁ እኅተማርያም ግን ተፈጥራ ነበር፤ ዓይኖቿ ወደ ላይ ሳብ ያሉ፣ ጣቶቿ አጫጭር፣ ምላሷ ከአፏ ብቅ የሚል። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ወደ ጓዳ አስገቢያት" ይለኝ ነበር፣ ክቡር ጸሐፊያችን።

በ1958 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሲሞላት ከንፈሯ ይጠቁር ጀመር። ዳገት ላይ ሦስት አራት እርምጃ ሄዳ ቁጢጥ ትልና ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። አዝዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። የክሊኒኩ አስታማሚ፣ ድሬሰሩ ደምሴ፣ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

"እንደሷ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ልባቸው ላይ ቀዳዳ ይኖራል" አለኝ። "በወሩ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪም ይመጣል። የባሰባቸውን መርጦ ይወስዳል። እንዳትቀሪ!"

ቀኑ ሲደርስ አጥቤ አዲስ ቀሚስ አለበስኳት። ኃይለየሱስ "ተራ ይዤ እጠራችኋለሁ" ብሎ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጠን ጠበቅነው። አመሻሽ ላይ መጥቶ "ተራ አልደረሰንም" አለ።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ሎሚ እየሳቀች መጣች።

"አሰፋሽ፣ ወንድምሽ ልጄን አጠመቀብኝ እኮ! ትናንት ጁሀራን ሐኪም ዘንድ ወስዶ፣ ከረሜላ ገዝቶ መለሳት። ዶክተሩ ስሟን ቢጠይቃት 'ጁሀራ' ብትል፣ 'እሱ የቤት ስሟ ነው፤ እኅተማርያም ነው የምትባለው' አለው አሉ። ወላሂ!"

እኔ አልሳቅሁም። ኃይለየሱስን ያዝኩት።

"ምን አደረግህ?"

"እትዬ፣ አለቆቼ ሁሉ እዚያ ቆመው ነበር። ያቺን ይዤ ልግባ? አሁን መዝገቧ ንጹሕ ነው። ምን ጎደለሽ?"

ልጅቷን አዝዬ ወደ ደምሴ ሮጥኩ። ወረቀቱን ከፋይል አወጣ። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ከቢሮ በሚያመጣው ብጣሽ ወረቀት ነውና ራሴ አነበብኩት፦ "እኅተማርያም ኃይለየሱስ፤ ልቧ ጤናማ ነው።"

"ሌላ ልጅ ናት የታየችው!" አልኩት። "አንተ ራስህ ደረቷን ሰምተህ የለም?"

"ሰምቻለሁ። ግን ዶክተር ፈርሟል፤ እኔ ከዶክተር እበልጣለሁ? አባትየው መሳሳቱን በማመልከቻ ይግለጽ፤ ያኔ ወደ አዲስ አበባ እጽፋለሁ።"

ጆሮውን ጥሎ ማኅተም አመነ፤ የተማረ ሰው!

ኃይለየሱስን አሥራ አንድ ቀን ለመንኩት። "ሐሰተኛ ሰው አቀረብኩ ብዬ በገዛ እጄ ልጻፍ? ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?" ይለኛል። ቀኑን ሁሉ የሰው ማመልከቻ የሚጽፍ እጅ ለልጁ አንድ መስመር አቃተው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እኅተማርያም ከአልጋ ወርዳ ቁጢጥ አለች። አልተነሳችም።

ለቅሶው ደምቆ ነበር። ጓዳ ስትደበቅ የኖረች ልጅ የሞተች ቀን ሹማምንት መጡላት። ኃይለየሱስ "ልጄን! ልጄን!" እያለ ደረቱን ይደቃል። ሰው ፊት ልጄ ሲላት ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

አለቃው "ምን አሟት ነበር፣ አቶ ኃይለየሱስ?" ብለው ጠየቁት።

"ድንገተኛ ነው ጌታዬ። ሐኪም እንኳ ልቧ ጤናማ ነው ብሎ ነበር።"

ተነሣሁ። ከእናቷ ጎን ወደ ተቀመጠችው ጁሀራ ጠቆምኩ።

"ሐኪም ያያት ያቻት! ይመስገነው ደህና ናት። የሞተችውን ማንም አላያትም፤ አባቷ አፍሮባት ሌላ ልጅ አስመረመረ።"

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" አሉና የኃይለየሱስን ትከሻ መታ መታ አድርገው "እግዜር ያጽናህ" አሉት። ሌሎቹም ተከተሉ። ሎሚ ብቻ አፏን በእጇ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እኔ እኮ ሳቅሁ" አለችኝ።

"አንቺማ ምን ታውቂ ነበር" አልኳት።

ከሰልስቱ በኋላ ሮቤ ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ የኃይለየሱስን መርዶ ይዘው ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ በር ድረስ ሸኘኋቸው።