ሰው ማንሳት ይቻላል

1.

«ፋዘር፣ ሕንፃ ማንሳት ክልክል ነው!»

2.

መጀመሪያ ይህን ቃል እንየው።

ፎቶ ያነሳሉ። ዕቃ ያነሳሉ። ሰፈር ያነሳሉ።

ሦስቱንም አይቻለሁ። የተከለከለው ፎቶው ብቻ ነው።

3.

ለገና ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የመጣሁት ሚስቴ አመለወርቅ ልካኝ ነው። ከጠጅ ሳር ሰፈር ከተነሳን ወዲህ የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ልጃችን ዘንድ ነው። አመለወርቅ እግሯ አይሸከማትም። ሰፈሩን ዳግም እንደማታየው ታውቃለች። የልጃችንን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

«ቤታችንን አንስተህ አምጣልኝ» አለች።

«ቤታችን እኮ የለም።»

«የነበረበትን አንሳዋ። በሕልሜ ስመለስ በሩ እየጠፋብኝ ነው። ውጭ ቆሜ አድራለሁ።»

4.

ሕንፃው ይህ ነው። ማንሳት ስለተከለከለ በጽሑፍ ያዙት።

መስታወት።

መስታወት።

መስታወት።

ውጭ ያለውን እንጂ ውስጥ ያለውን አያሳይም። አናቱ ላይ «ጠጅ ሳር ታወር» ይላል። ሰፈሩ ተነስቶ ስሙ ቀርቷል። ሳሩ ፕላስቲክ ነው። ደጃፉ ላይ ለበዓሉ የፕላስቲክ ጥድ አቁመው ጥጥ በትነውበታል። በረዶ መሆኑ ነው። ከጎኑ ቀይ የለበሰ ጺማም አሻንጉሊት ወገቡን ያወዛውዛል። የበዓል ልብስ የለበሰ ሁሉ ተራ ጠብቆ ከአሻንጉሊቱ ጋር ይነሳል። ወደ ሕንፃው የሚገባ ግን አላየሁም።

«ውስጡ ገና ነው» አለችኝ አንዷ።

ውጩም ገና ነው።

5.

ከመንገዱ ማዶ የሰፈራችን ዋርካ አለ። ረስተውት ይመስለኛል።

የእኛ በር ከዋርካው ፊት ለፊት ነበር። ጀርባዬን ለዋርካው ሰጥቼ ቀጥ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ጥዱ አጠገብ ደረስኩ።

እዚህ።

ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ስልኩን አነጣጠርኩ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ የጮኸው እሱ ነው።

6.

ከዚያ በኋላ የተባለው፦

እኔ፦ ይሄ ሁሉ ሰው ሲያነሳ የለም እንዴ?

ጥበቃው፦ እነሱ የሚያነሱት ሰው ነው። ሰው ማንሳት ይቻላል።

እኔ፦ አውቃለሁ።

ጥበቃው፦ ምኑን ያውቃሉ?

እኔ፦ ሰው ማንሳት እንደሚቻል። የተነሳሁት ከዚሁ ነው።

ጥበቃው፦ አሃ፣ ተነሺ ነዎት! በሉ እዚያ ይቁሙ፣ እኔው ላንሳዎት።

እኔ፦ ሁለተኛ?

ጥበቃው፦ አይ ፋዘር! ቀልደኛ ነዎት። በሉ ትንሽ ወደ ቀኝ። ጥዱን ሸፈኑት።

እኔ፦ ከዚህ አልንቀሳቀስም።

ጥበቃው፦ ለምን?

እኔ፦ በሬ ነው።

ጥበቃው፦ የምን በሬ? ቅርጫ ሊገቡ ነው የመጡት?

እኔ፦ የቤቴ በር። የቆምኩበት።

ጥበቃው፦

(ወደ እግሬ አየ።)

ጥበቃው፦ እሺ... ፈገግ ይበሉ።

እኔ፦ ደጃፌ ላይ ነኝ። ያለ ምክንያት አልስቅም።

8.

ሰባትን ዘልዬዋለሁ። የቤታችን ቁጥር ነው። እሱም ተነስቷል።

9.

ደብረ ብርሃን ስመለስ አመለወርቅ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«ይሄ ከኋላህ ያለው ማነው?»

«ጥበቃው ነው። መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ነው። እኔን ሲያነሳ እሱም ተነሳ።»

«ይሄን አሻንጉሊት ምን ነካው?»

«በዓል ነው።»

አልሳቀችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ዋርካው ቤታችን ገብቷል።»

«መስታወት ነው አልኩሽ። ዋርካው ማዶ ነው።»

«መቼ ጠየቅሁህ? በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።» ጣቷ ፎቶው ላይ መፈለግ ጀመረ። «በሩስ?»

«የቆምኩበት ነው።»

«አንተ ነህ እንዴ የጋረድከው?»

«አዎ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። የምታናግረው ፎቶው ላይ ያለውን ሰውዬ ነበር።

«እንግዲያው ዞር በልልኛ፣ ልግባ።»

7.